በራችን ላይ የተሰቀለው ቀርከሃ

ልጄ ኮሌጅ ውስጥ የምታቀርበውን ንግግር ፕሪንት አድርጋ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባዬ፣ ቼክ አድርግልኝ፤ ስህተት እንዳይኖረው» አለችና ሾርት ኖርዝ ሰፈር ወዳለው የምግብ ቤት ሥራዋ ሄደች። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ንግግሩን ሰው ፊት የምታነበው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሦስት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። እኔ እንግሊዝኛን ክፍል ውስጥ በቅጡ አልተማርኩም። ከስምንተኛ ክፍል ከወጣሁ በኋላ ዳር ዳሩ በተበላ መዝገበ ቃላት ራሴን አስተማርኩ። ስለዚህ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ አንድም ቃል ግን አልዘልም። የመጀመሪያው ገጽ እሷና እኔ አራት ዓመት ስለኖርንባት የኢንዶኔዥያ መንደር ይናገራል። ዝናቡን፣ የሩዙን እርከን፣ ከቀርከሃ የተጠለፈውን የቤታችንን ግድግዳ በደንብ ጽፋዋለች። አምስት ዓመቷ ሆና ገብታ በዘጠኝ ዓመቷ ለወጣች ልጅ ብዙ ታስታውሳለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ የመንደሩ ሰዎች በእምነታችን ምክንያት አገለሉን፤ ተራራው ተንዶ መንገዱ ሲዘጋ እንኳ ልንራብ ስንል እያዩ ዝም አሉ፤ አባቴ ግን አንገቱን አልደፋም።

እዚያ ላይ መነጽሬን አወለቅኩ። የተጻፈው ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዝም ካልኩ ልጄ ቅዳሜ በሰው ፊት ቆማ፣ እውነት መስሏት፣ ደግ ሰዎችን ትሰድባለች። ከተናገርኩ ደግሞ እስከ ሃያ ዓመቷ ድረስ «አባቴ አይዋሽም» ስትል የኖረችውን ልጅ አጣለሁ። እነዚህን ሁለቱን አስቤ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ወደዚያ መንደር እንዴት እንደደረስን ባጭሩ ልናገር። እናቷ ከሞተች በኋላ ልጄን ይዤ ከአገር ወጣሁ። በጀልባ አውስትራሊያ አሻግራችኋለሁ ያለን ደላላ ኢንዶኔዥያ ድረስ አምጥቶ ጠፋ። ጀልባ አልነበረም። መመለስም አይቻልም። የስደተኞች ቢሮ ስማችንን መዝግቦ «ጠብቁ» አለን። ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ መሥራት ክልክል ነው፤ ሲሠራ የተያዘ ፋይሉ ይዘጋል ተባለ። ሌሎቹ ሐበሾች ወደ ተራራው ከተሞች ወጥተው አንድ ላይ ሰፈሩ። እኔ ልጄ ቀኑን ሙሉ ካርታ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል እንዳታድግ ብዬ ከእነሱ ርቄ ወደ አንዲት ትንሽ መንደር ገባሁ። በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። የምጸጸተው ከዚያ በኋላ ባደረግኩት ነው።

መንደሯ ከአርባ ቤት አትበልጥም ነበር። ወደ እሷ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ስፋቱም ለሞተር ሳይክል ያህል። ጋዝ፣ ዘይት፣ የታመመ ሰው፣ ሙሽራ፣ ሁሉም በዚያው በሞተር ጀርባ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ጨርቅ በራሳቸው ላይ ጠምጥመው ሻይ ለቀማ ይወጣሉ። ወንዶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሩዝ ይተክላሉ። አብዛኞቹ የራሳቸው መሬት የላቸውም፤ የሰው አጭደው ካጨዱት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከየቤቱ ጀርባ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ላይ በአራት ቋሚ የቆመች ከለላ አለች፤ መጸዳጃ ቤቱ እሷ ነች፤ ከታች ያለው ዓሣ ደግሞ ይበላል። ይህን ካወቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዓሣ አልቀመስኩም። ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ይዘንባል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ጫማዬ በአልጋ ሥር አረንጓዴ ሻገተ፤ መዝገበ ቃላቴም እንዲሁ።

ሁሉም ወደ ሥራው ሲወርድ እኔ በር ላይ እቀመጥ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ክንዴ ሙሉ ነው፣ ግን እጄን ማንሳት አልችልም። ሥራ የለመደ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። እኔ ላይ ያደረገው ክፋት ነበር። በሌላው ላይ ማዘዝ ስላልቻልኩ ልጄ ላይ አዘዝኩ። በቀን አራት ጊዜ አስተምራታለሁ፦ ሒሳብ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጸሎት። ከደጃፉ ውጭ እንዳትወጣ ከለከልኳት። የመንደሩ ልጆች በቀይና ነጭ ዩኒፎርማቸው ሲያልፉ በግድግዳው ቀዳዳ ታያቸው ነበር። እኛ ወረቀት ስላልነበረን ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። ቋንቋቸውን ልማር ስትለኝ «ነገ ለምንሄድ ምን ያደርግልሻል?» እላታለሁ። ሻንጣችን አራት ዓመት ሙሉ እንደታሰረ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

የቀርከሃው ነገር የሆነው በገባን በሁለተኛው ወር ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት አሮጊት ነበረች። «ኢቡ» ነው የምንላት። አንድ ጠዋት ክንድ የማያክል የቀርከሃ ቁራጭ፣ አንድ ምስማርና ድንጋይ ይዛ መጣች። ብዙ ተናገረች፤ አልገባኝም። ቀርከሃውን በራችን መቃን ላይ በምስማሩ መታችው። ከቀሚሷ ጫፍ ውስጥ ጭብጥ የማይሞላ ሩዝ አውጥታ በቀርከሃው አፍ ጨመረችና ፈገግ አለችልኝ።

እኔ በተወለድኩበት አገር ለቆሌ በደጃፍና በዛፍ ሥር እህል የሚያስቀምጡ ሰዎች አይቻለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበር ባየው ቁጥር በእግሩ ይበትነው ነበር። የቀርከሃውን ሩዝ ሳይ ሌላ ነገር ላስብ አልቻልኩም። ነቅዬ አወረድኩት። እሷ እያየች በእግሬ ረግጬ ሰነጠቅኩት። ሩዙ ጭቃው ላይ ፈሰሰ፤ ዶሮዎች መጡ። ማተቤን ከአንገቴ አውጥቼ አሳየኋት። ኢቡ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እዚያ አገር ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስንጥሩን አንድ በአንድ ለቅማ ሄደች። ልጄን ጠርቼ «አየሽ፣ እንዲህ ነው ለእምነት የሚቆመው» አልኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ መንደሩ ቀዘቀዘ። ቀድሞ የሚያልፈው ሁሉ አንድ ነገር ብሎኝ ስቆ ያልፍ ነበር፤ አሁን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ልጆቹ ወደ በራችን መምጣት ተዉ። እሑድ ጠዋት ውስጡ የተቦረቦረ ግንድ ለጥሪ እየተመታ ሰው ሁሉ የውኃ ቦይ ለመጥረግ ሲወጣ እኛን የሚጠራ አልነበረም። «አየሽ፣ በማተባችን ጠሉን» አልኳት። እኔም አመንኩት፤ ያኔ አልዋሸሁም።

የዋሸሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። በክረምቱ ተራራው ተናደና ያን አንድ መንገድ ዘጋው። ለምግብ የሚሰጠን የቢሮው ድጎማ የሚወሰደው ከተማ ወርዶ ነው። መውረጃ የለም። በአራተኛው ቀን ቤት ውስጥ የቀረው ጨውና ጥቂት ሻይ ነበር። ልጄ ሆዷን ይዛ የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሏ ትወጣለች። እኔ ደግሞ አሳርማታለሁ! «ስድስት ሲባዛ በስምንት» ላይ ስትስት ቆጣኋት።

ከሰዓት በኋላ በዝናብ ውስጥ የሰፈሩ ሹም ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ኢቡ የሙዝ ቅጠል በራሷ ላይ ይዛ ከኋላቸው አለች። ሹሙ ወጣትነቱን ሆቴል ሲሠራ ያሳለፈ ነው፤ እንግሊዝኛ ይሞክራል። አንድ ከረጢት ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣና ዘይት አስቀመጡ።

«ሚስተር፣ ይህ ለቤትህ ነው።»

«ከማን ነው?»

«ከሁሉም።» በየበሩ የተሰቀሉትን ቀርከሃዎች በአገጩ አሳየኝ። «እያንዳንዱ ቤት በየቀኑ ጭብጥ ጭብጥ ይጨምራል። አንድ ሰው እየዞረ ይሰበስበዋል። ለታመመ፣ ለቸገረው። ሚስተር መጀመሪያ ሲመጣ የበላውም ከዚያ ነው፤ አላወቅህም?»

አላወቅሁም። በገባን ሰሞን ደጃፋችን ላይ እየተቀመጠ ያገኘሁትን ሩዝ የቤቱ ባለቤት የሚልክልን መስሎኝ ነበር።

«የእኔ በር ላይ እኮ የለም» አልኩት።

«ሚስተር ሰበረው» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ፤ ከክፋት አልነበረም። «እኛ ቀርከሃው አሮጌ ስለሆነበት ተቀየመ አልን። አፈርን። ኢቡ በሳምንቱ አዲስ ቆረጠች። ግን እሷን ስታይ በርህን ትዘጋለህ። ሁለት ዓመት ቤቷ አስቀመጠችው።»

ኢቡ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። አዲሱ ቀርከሃ አፉ በስለት ተላግቶ ለስልሷል፤ ዙሪያውን ትናንሽ አበቦች ቀርጻበታለች።

ያደረግኩትን እነሆ ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ሩዙን ተቀበልኩ፤ ቀርከሃውን አልተቀበልኩም። እሱን በራችን ላይ ብሰቅል ጥፋተኛ ነበርኩ ማለቴ ነው፤ ልጄም «ይህ የሰይጣን ነው አላልክም?» ትለኛለች። አመሰግናለሁ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ ከረጢቱን አየች።

«አባዬ፣ ከየት መጣ?»

«ቢሮው ላከልን።»

«መንገዱ ተዘግቶ የለ?»

«በእግር አመጡት» አልኩና ድስቱን ጣድኩ።

መንገዱ እስኪከፈት ያን ሩዝ በላን። ከዚያም ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ኖርን። የአሜሪካ ደብዳቤ መጥቶ ሻንጣችንን እስክናነሳ ድረስ በራችን ባዶ መቃን ነበር። በየቀኑ ኢቡ ለመውጣት ደጃፌን ማለፍ ነበረባት። በየቀኑ ሳትቀር አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኝ ነበር። ከሥራ ክልከላውም፣ ከመንገዱም፣ ከዝናቡም ይልቅ ያሰረኝ ያ ሰላምታ ነው። ብትሰድበኝ እገላገል ነበር።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣን በኋላ ፈርነስ የሚሉትን የቤት ማሞቂያ ጥገና ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተማርኩ። ዛሬ ክሊንተንቪል ሰፈር ውስጥ ያሉትን የአሮጌ ቤቶች ምድር ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ይልቅ እኔ አውቃቸዋለሁ። ቤት ገዛሁ። ልጄን አስተማርኩ። በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ጉባኤ ላይ ተናገር ስባል ደግሞ ያችን መንደር እያነሳሁ አስተምራለሁ፦ በረሃብ ተፈተንን፣ ማንም አልደረሰልንም፣ ግን ጸናን። ሦስት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። አንዴም ልጄ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንባዋን እየጠረገች ሰማችኝ። ልጆቻችንን ስለ ውሸት የምንገሥጽ አባቶች እዚህ ላይ እንቁም። በልጅ ፊት የሚነገር ውሸት በአንዴ አያበቃም፤ አባትየው በየጊዜው ሊቀልበው ይገደዳል።

ሐሙስ ዕለት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ እትዬ የምላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ትልቁ ማቀዝቀዣቸው እንደተበላሸ ኮል አደረጉልኝ። ከኋላው ተንበርክኬ መፍቻውን ይዤ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

«አንተ ሰው፣ እየጠገንከው ነው ወይስ እየጸለይክለት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ» አልኩ። «ልጁን በትንሽነቷ ዋሽቷት ነበር።»

«የምታውቀው ሰው።»

«አዎ።»

«ጫማው እንዳንተ ቀለም የነካው ነው?»

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀርከሃውን ስረግጠው ላይ ስደርስ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሩዙ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ።

«ታዲያ እኮ ሦስት ጊዜ አስለቅሰኸናል! እኔስ ያን ቀን ከማልቀሴ የተነሳ ድስት አሳርሬያለሁ። የድስቴን ዋጋ ክፈለኝ!»

«እትዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«ቀልድ አይደለም። ቅዳሜ ልጅቷ ተናግራ ስታበቃ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ የዚያ አገር ሰው ተነስቶ ‹የኛ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ በር ላይ ያለው ቀርከሃስ?› ቢላት ምን ትመልሳለች? ልጅህን ሰው ፊት ልታስመታት ነው? ይልቅ ቤትህ ንገራት። አንተ ተመታ።»

ይህን ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። ግን ከሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው።

ዓርብ ልጄ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ወጥ ቤት ቆማ ሰሃን ታጥባለች። ሰሃን ስትደረድር «ሳቱ፣ ዱዋ፣ ቲጋ» እያለች በዚያ አገር ቋንቋ ትቆጥራለች፤ በግድግዳው ቀዳዳ የተማረችው ነው፤ ልከለክላት አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ወረቀቱን አየኸው?»

«አየሁት። ሁለተኛው ገጽ ልክ አይደለም።»

«ግራመሩ?»

«ግራመሩ አይደለም። የጻፍሽው ነገር አልሆነም።»

ቁጭ በይ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆማ ሰማችኝ። ውኃው እየፈሰሰ ነበር፤ ማናችንም አልዘጋነውም።

«ዌይት» አለች። «ሩዙ ከእነሱ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔም በልቻለሁ?»

«በልተሻል።»

«ቸርች ላይ ስትናገርስ? አይ ዋዝ ዜር፣ አባዬ። እያለቀስኩ ነበር።»

«አይቼሻለሁ።»

«አይተኸኝ ቀጠልክ?»

«ቀጠልኩ።»

እጇን በፎጣ ጠረገች። ብዙ ጊዜ ጠረገች።

«ልጅ ሆኜ ስዋሽ ስትይዘኝ ምን ነበር የምታደርገኝ?»

ታውቀዋለች። ከእኔ አፍ ነው መስማት የፈለገችው።

«አንበረክክሽ ነበር» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

«እውነቱን እስክትናገሪ።»

ወረቀቷን አንስታ ወጣች። ሁለተኛውን ገጽ ብቻ ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ነበር። ያን ሌሊት ጓደኛዋ ጋ አደረች።

ቅዳሜ እንድመጣ አልነገረችኝም፤ እንዳልመጣም አልነገረችኝም። ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ብቻ አሥራ አምስት ያህል ሰው አይቻለሁ። ከኋላ ልቀመጥ ስል እትዬ ክንዴን ይዘው በረድፉ መካከል አስቀመጡኝ። ከግራ እሳቸው፣ ከቀኝ አንድ ወፍራም ሰው። ማምለጫ አልነበረም።

ልጄ ወረቀት ሳትይዝ ወጣች። ዝናቡን ተናገረች፣ ኩሬውን ተናገረች፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አንዲት ሴት በራችን ላይ ቀርከሃ ሰቀለችልን። አባቴ ሰበረው።» የምናውቃቸው ሰዎች አንገት ወደ እኔ ዞረ። ሩዙን ተናገረች። ቀርከሃውን አለመቀበሌን፣ ቢሮው ላከ ማለቴን፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተናገርኩትን፣ ሁሉንም። አላጋነነችም፤ አልቀነሰችም። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ልነሳ ጉልበቴን ሳነቃንቅ እትዬ ጭኔን ቆንጠጥ አደረጉ።

«ቁጭ በል» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሷ ቆማ የለም እንዴ?»

ቁጭ አልኩ። ስለ ማንበርከኩ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሱን አልተናገረችም።

ሲያበቃ መኪናዬ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ከፈትኩላት፤ ገባች። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ደረስን።

«ያችን ሴትዮ ላፈላልጋት እፈልጋለሁ» አለች ድንገት። «ባትኖርም ልጆቿ ፌስቡክ ላይ ይኖራሉ። ስሟ ማነው?»

«ኢቡ ነው የምንላት።»

«ኢቡ ስም አይደለም፣ አባዬ። እናት ማለት ነው። ሁሉም ሴት ኢቡ ነው። ስሟን ነው የጠየቅኩህ።»

አሰብኩ። ድምፅዋ፣ የሙዝ ቅጠሉ፣ የተሰነጠቀ ተረከዟ መጣልኝ። ስም አልመጣም፤ ጠይቄ ስለማላውቅ ሊመጣ አይችልም። አንድ የጎማ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ።

«አላውቀውም» አልኳት።

«ኦኬ። የሹሙስ?»

«እሱንም።»

ስልኳን ከፍታ በጣቷ ለመጻፍ ተዘጋጅታ ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ትመስላለች።

«ከመንደሩ የአንድ ሰው ስም ንገረኝ» አለች። «የማንም ይሁን። የአንድ ሰው ብቻ።»

አራት ዓመት በመካከላቸው የኖርኩትን አርባ ቤቶች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ በሐሳቤ አለፍኩ፤ አንድም ስም አላገኘሁም። ልጄ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችኝ።